ስህተት፣ ቸልተኝነትና ኃላፊነት፦ የነርስነት ሥነ ምግባርና ሕግ

«እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ጸሐፊ ቢሳሳት ሰርዞ ይጽፋል፤ ሸማኔ ቢሳሳት ፈትቶ እንደገና ይሸምናል። በደም ሥር የገባ መድኃኒት ግን ተመልሶ አይወጣም። ነርስ ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ሥራው ግን ስህተትን አይታገሥም። እንግዲህ ለመሳሳት የተፈጠረ ፍጡር ስህተት የማይፈቀድበትን ሥራ ሲሠራ ሥነ ምግባር ምን ይጠይቀዋል? ሕግስ በምን ይመዝነዋል? ስለ ስህተት የሚያጠናው ሳይንስስ ምን ይላል? ይህ ጽሑፍ ሦስቱን ጥያቄዎች ከአንድ በሰፊው ከታወቀ ጉዳይ ተነሥቶ ለመመልከት ይሞክራል።

በናሽቪል የሆነው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2017 በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አንዲት የ75 ዓመት አዛውንት በጭንቅላታቸው ውስጥ ከደረሰ የደም መፍሰስ እያገገሙ ነበር። ሐኪሞቻቸው ፔት በተባለው የምስል መሣሪያ እንዲመረመሩ አዘዙ። በሽተኛዋ ጠባብ ቦታ መግባት ያስጨንቃቸው ስለነበር ጭንቀታቸውን የሚያበርድ ሚዳዞላም የተባለ መድኃኒት በትንሽ መጠን እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ይህ መድኃኒት በንግድ ስሙ ቨርሰድ ይባላል።

ነርሷ መድኃኒቱን ለማውጣት በኮምፒዩተር ወደሚሠራው የመድኃኒት ካዝና ሄደች። የንግድ ስሙን የመጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደላት ጻፈች። ካዝናው ግን መድኃኒቱን የመዘገበው ሚዳዞላም በሚለው ስም ስለነበር አላገኘችውም። በዚህ ጊዜ የካዝናውን መቆጣጠሪያ በማለፍ መድኃኒት ለማውጣት የሚያስችለውን መንገድ ተጠቀመችና እነዚያኑ ሁለት ፊደላት ደግማ ጻፈች። በእነዚሁ ፊደላት የሚጀምር ሌላ መድኃኒት ወጣላት፤ ቬኩሮኒየም።

በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ከባድ ነው። ሚዳዞላም በአንጎል ውስጥ ጋባ የተባለውን አረጋጊ ኬሚካል ሥራ በማጠናከር ሰውን ያረጋጋል፤ ያንቀላፋል። ቬኩሮኒየም ግን አንጎልን አያረጋጋም። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፍበት አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል በጡንቻው ላይ የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ በመያዝ መልእክቱ እንዳይደርስ ያግዳል። መልእክት ያልደረሰው ጡንቻ ይሽመደመዳል። የምንተነፍስበት ድያፍራምም ጡንቻ ስለሆነ እርሱም ይቆማል። ልብ የሚሠራው በሌላ ሥርዓት ስለሆነ ለጊዜው መምታቱን ይቀጥላል፤ ንቃተ ኅሊናም እንዳለ ይቆያል። በሌላ አነጋገር፣ ሰውየው ነቅቶ እያለ መተንፈስም፣ መጮኽም፣ ጣቱን ማንቀሳቀስም አይችልም። ስለዚህም ይህ መድኃኒት የሚሰጠው በቀዶ ጥገናና በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በሽተኛው አስቀድሞ በማደንዘዣ ተኝቶና ለመተንፈሻ የሚያግዝ መሣሪያ ተዘጋጅቶለት ነው።

ስህተቱን ለማስተዋል ዕድል አልጠፋም ነበር። ሚዳዞላም ፈሳሽ ሆኖ የሚመጣ ሲሆን ቬኩሮኒየም ግን በፈሳሽ መበጥበጥ ያለበት ዱቄት ነው። የብልቃጡ ክዳንም ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት መሆኑን ያስጠነቅቃል። ነርሷ መርፌውን ከሰጠች በኋላ ደግሞ በሽተኛዋን ቀርቦ የሚከታተል ሰው አልነበረም። ሲደረስባቸው ልባቸው ቆሟል። በተደረገው ርብርብ የልብ ምታቸው ቢመለስም አንጎላቸው በኦክስጅን እጦት ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር በማግሥቱ ዐረፉ።

ነርሷ የተሳሳተችውን ያወቀችው በዚያው ቀን ነበር፤ አልካደችም፤ ለባልደረቦቿ ተናገረች። ሆስፒታሉ ከሥራ አሰናበታት፤ ከቤተሰቡም ጋር ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማማ። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2018 መገባደጃ ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በደረሰ ጥቆማ ምክንያት ነው። በ2019 ነርሷ በወንጀል ተከሰሰች፤ በ2021 የሙያ ፈቃዷ ተሰረዘ፤ በማርች 2022 በቸልተኝነት ሰው በመግደልና አቅመ ደካማ በሽተኛን በከባድ ቸልተኝነት በመጉዳት ጥፋተኛ ተባለች። በሜይ 2022 የሦስት ዓመት ገደብ ተወሰነላት፤ እስር ቤት አልገባችም።

ፍርዱ በአሜሪካ ነርሶች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሣ። አንደኛው ወገን «ማስጠንቀቂያውን ሳታነብ መርፌ የወጋች ባለሙያ መጠየቅ አለባት» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ስህተቱን ራሱ የተናገረ ሰው ከታሰረ ነገ ማን ይናገራል?» ሲል ጠየቀ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። የሁለቱን እውነት ልክ ለማወቅ ግን አስቀድሞ ነርስ ለበሽተኛው ምን እንደሚገባው መለየት ያስፈልጋል።

የሥነ ምግባሩ ምሰሶዎች

ዘመናዊው ነርስነት ራሱን የቻለ ሙያ መሆን የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ለመርዳት ከዘመተች በኋላ በ1860 በለንደን፣ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል፣ የነርሶች ማሠልጠኛ እንዲከፈት አደረገች። የናይቲንጌል አስተዋፅኦ ሩኅሩኅነት ብቻ አልነበረም፤ ወታደሮችን ከጦር ቁስል ይልቅ በሽታ እንደሚገድላቸው በቁጥርና በሥዕላዊ መግለጫ ያሳየች የስታቲስቲክስ ሰውም ነበረች። በአገራችንም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ትምህርት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1939 መመረቃቸው፣ በ1942 በለጋ ዕድሜያቸው ካረፉም በኋላ በስማቸው ሆስፒታል መሠራቱ፣ ሙያው በሕዝብ ዘንድ እንዲከበር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቀው በ1953 ነው። ደንቡ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ተሻሽሎ በ2021 እንደገና ወጥቷል። የነርስን ተግባር በአራት ይጠቀልላል፤ ጤናን ማጎልበት፣ በሽታን መከላከል፣ የታመመውን ወደ ጤናው መመለስና ሥቃይን ማቅለል። አራተኛውን ልብ ይሏል። መዳን የማይችለው በሽተኛ እንኳ ከነርስ የሚጠብቀው ድርሻ አለው ማለት ነው።

በሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት በሰፊው የሚሠራባቸውን አራት መርሖዎች ደግሞ ቶም ቢቻምና ጄምስ ቺልድረስ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አቅርበዋቸዋል። እነዚህም የበሽተኛውን በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብት ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ አለመጉዳትና ፍትሐዊነት ናቸው። ነርስነት በእነዚህ ላይ እውነተኝነትን፣ ለገቡት ቃል መታመንንና ምሥጢር ጠባቂነትን ይጨምራል።

መርሖዎቹን መዘርዘር ቀላል ነው። አስቸጋሪው እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሽተኛው ካንሰር ተገኝቶበታል። ልጆቹ ነርሷን በመተላለፊያው ላይ ያገኟትና «እህቴ፣ እባክሽ ለአባታችን እንዳይነገረው፤ ከሰማ ይሰበራል» ይሏታል። መርዶን በሰዓቱና በወጉ መንገር ባህላችን ስለሆነ ልመናቸው ከፍቅር እንጂ ከክፋት አይመነጭም። አባትየው ግን ማታ ብቻውን ሲሆን «ልጄ፣ ምን ሆኜ ነው? እውነቱን ንገሪኝ» ቢላት ምን ትመልሳለች? በጎ ማድረግና እውነተኝነት እዚህ ላይ ይጋፈጣሉ።

የሥነ ምግባሩ ምላሽ ከሁለት አንዱን በጭፍን መምረጥ አይደለም። ምርመራውን የማሳወቅ ተቀዳሚ ኃላፊነት የሐኪሙ ስለሆነ ነርሷ ጥያቄውን ለሐኪሙ ታደርሳለች፤ ቤተሰቡን ታነጋግራለች፤ በሽተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ከራሱ ትረዳለች። አንድ ነገር ግን አታደርግም፤ ለጠየቃት ሰው አትዋሽም። ሕይወቱ የእርሱ ነውና፤ ኑዛዜውን የሚጽፈው፣ ንስሐውን የሚገባው፣ ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ነው።

መታዘዝ ብቻውን አያድንም

ለብዙ ዘመን ጥሩ ነርስ ማለት ታዛዥ ነርስ ማለት ነበር። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በመኮን አውራጃ የተካሄደው የተስኪጊ ጥናት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶችን አሰባስቦ ሲከታተል ቆየ። ከእነዚህም 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ለተመራማሪዎቹ ዓላማው በሽታው ካልታከመ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ነበር፤ ለሰዎቹ ግን ይህ አልተነገራቸውም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚፈውስ ከታወቀም በኋላ መድኃኒቱ ተነፈጋቸው።

በዚህ ጥናት ውስጥ ለአርባ ዓመታት ያህል ከሰዎቹ ጋር የቆየችው አንዲት ነርስ ነበረች። ቤታቸው ትሄዳለች፤ በመኪና ታመላልሳቸዋለች፤ ያምኗታል። ጥናቱን ያቀዱት ሐኪሞች እንጂ እርሷ አይደለችም፤ በዚያ ዘመን ለአንዲት ጥቁር ሴት ሐኪምን መቃወም ምን ያህል ከባድ እንደነበርም መገመት አያዳግትም። ይሁንና ሰዎቹን በጥናቱ ውስጥ አጥብቆ የያዛቸው በእርሷ ላይ የነበራቸው እምነት ነው። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የነርስ የመጀመሪያ ታማኝነት ለሐኪሙ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ለበሽተኛው ነው። አጠራጣሪ ትእዛዝ የደረሰው ነርስ ጠይቆ ማረጋገጥ፣ አደገኛ ሆኖ ካገኘው አለመፈጸምና ጉዳዩን ለበላይ ማቅረብ ይገባዋል። «ዶክተሩ ስላዘዘ» የሚለው መልስ ለኅሊናም ለሕግም በቂ አይሆንም።

ሕጋችን ምን ይላል?

በአገራችን ነርስ በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት በሦስት አቅጣጫ ሊጠየቅ ይችላል። አንደኛው አስተዳደራዊ ነው፤ አሠሪው በዲሲፕሊን፣ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ደግሞ የሙያ ፈቃዱን በማገድ ወይም በመሰረዝ ይጠይቀዋል። ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት ሲሆን ዓላማው ለተጎዳው ካሣ ማስገኘት ነው። ሦስተኛው የወንጀል ኃላፊነት ነው። አንድ ድርጊት ከሦስቱ በአንዱ፣ በሁለቱ ወይም በሁሉም ሊያስጠይቅ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ስለ ሙያ ጥፋት ይደነግጋል። አንድ ሙያ የያዘ ሰው የሙያውን ደንቦች መጠበቅ እንዳለበት፣ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑም የሚለካው በሳይንስ በተረጋገጡ ነገሮች ወይም በሙያው ሰዎች ዘንድ በታወቁ ሥርዓቶች መሆኑን ያስረዳል። ይህ ድንጋጌ ለሳይንስ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ሕጉ የነርሱን ሥራ የሚመዝነው «ጥሩ ሰው ነበር ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ሳይንሱ ያዘዘውን አድርጓል ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህም ሳይንሱ በተሻሻለ ቁጥር የሕጉ መለኪያም አብሮት ይሻሻላል። ከሃያ ዓመት በፊት የተማረውን ብቻ ይዞ የሚሠራ ነርስ ሳያውቀው ከሕጉ መለኪያ በታች ሊወርድ ይችላል። ዕውቀትን ማደስ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ሕግ የሕክምና ድርጅት በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳት ሠራተኞች ጥፋት በበሽተኛው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህም ተገቢ ነው፤ ተረኛውን የመደበው፣ መድኃኒቱን ያከማቸው፣ የሥራውን ብዛት የወሰነው ድርጅቱ ነውና።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ይተረጉማል። በአጭሩ፣ አንድ ሰው ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ ሲዳፈር፣ ወይም ማወቅ ሲገባውና ሲችል ሳያስብ ሲቀር ቸልተኛ ይባላል። ይህ ሲመዘን የሰውየው ዕድሜ፣ የኑሮ ልምድ፣ የትምህርት ደረጃና ሥራ ይታያል። ስለዚህ ከአንድ ተራ ሰው የማይጠበቅ ጥንቃቄ ከተመረቀ ነርስ ይጠበቃል፤ ትናንት ከተቀጠረ ጀማሪና ለብዙ ዓመት ካገለገለ ባለሙያ የሚጠበቀውም አንድ ዓይነት አይደለም።

በአንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ገዳዩ የሌላውን ሕይወት፣ ጤና ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይሆናል። ባለሙያው ግልጽ የሆኑ ደንቦችንና መመሪያዎችን ሆን ብሎ ጥሶ ከተገኘ ቅጣቱ ከዚህም ይከብዳል። በአንቀጽ 537 ደግሞ ነርስን ጨምሮ የጤና ባለሙያ ብርቱ ችግር ላይ ለወደቀ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ እርዳታ መንፈግ እንደሚያስቀጣ ተደንግጓል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሕግ በመሥራት ብቻ ሳይሆን ባለመሥራትም እንደሚጠይቅ ነው።

ፈቃድና ምሥጢር

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 20 ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እንቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ በሕግ የታዘዙ እንደ ክትባት ያሉ ግዴታዎች ግን እንደተጠበቁ ናቸው። እንግዲያውስ ፈቃድ ማለት በወረቀት ላይ የሚወጣ ፊርማ ብቻ አይደለም። በሽተኛው የሚደረግለትን፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱንና ያለውን ሌላ አማራጭ በሚገባው ቋንቋ ካልተረዳ ፊርማው ቀለም እንጂ ፈቃድ አይሆንም። ቀዶ ጥገናውን የማስረዳት ግዴታ የሐኪሙ ቢሆንም፣ በሽተኛው እንዳልገባው በፊቱ ላይ የሚያነበው ብዙ ጊዜ አልጋው አጠገብ ያለው ነርስ ነው። ይህን አይቶ ዝም ማለት አይገባውም።

ምሥጢርን በተመለከተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምሥጢር የሚገልጡ ሰዎችን ሲዘረዝር ሐኪሞችን፣ አዋላጆችንና ነርሶችን በስም ይጠቅሳል፤ ክሱ የሚቀርበው በተበዳዩ አቤቱታ ነው። በእኛ የሕሙማን ክፍሎች ይህን ግዴታ መጠበቅ ቀላል አይደለም። አልጋና አልጋ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ በየአልጋው ሥር አስታማሚ ይቀመጣል፤ ጠያቂ ምሳ ዕቃ ይዞ ይገባል፤ ሁሉም «ምን አገኛችሁበት?» ብሎ ይጠይቃል። ነርሱ ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ ካርዱን ገልጦ አለመተው፣ የምርመራ ውጤትን በዙር ጊዜ በሰው ፊት አለማንበብ ይገባዋል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ የበሽተኛን ቁስል ወይም የምርመራ ወረቀት በእጅ ስልክ አንሥቶ ለወዳጅ መላክ ያው ምሥጢር ማውጣት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ስህተት እንዴት ይደርሳል?

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ስህተትን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች «ማን አጠፋ?» ከሚለው ይልቅ «መከላከያዎቹ ሁሉ እንዴት ባንድ ጊዜ ከሸፉ?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀድማሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄምስ ሪዝን መከላከያዎችን በተደረደሩ የስዊስ አይብ ቁራጮች መስሏቸዋል። ይህ አይብ እንደ እንጀራ ዓይን ያለ ቀዳዳ አለው፤ ልዩነቱ የአይቡ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ማለፉ ነው። ቁራጮቹ ሲደረደሩ ያንዱን ቀዳዳ ሌላው ይደፍነዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአንድ መስመር ይገጥማሉ፤ አደጋውም በዚያ ያልፋል። በናሽቪል ካዝናው፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የማለፊያው መንገድ፣ ያልተነበበው ክዳንና የክትትል አለመኖር እንዲሁ ገጠሙ።

በአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ዘገባ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስህተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44 ሺህ እስከ 98 ሺህ ሰዎች ይሞታሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር። ይህን ያህል ሰው በክፉ ባለሙያዎች ብቻ ሊሞት እንደማይችል ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 በመድኃኒት አሰጣጥ የሚደርስን ጉዳት ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀምሯል፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ሴፕቴምበር 17 ቀን የዓለም የታካሚዎች ደኅንነት ቀን ሆኖ ይከበራል።

የመከላከያዎቹ የመጨረሻ ቁራጭ የነርሱ እጅ ነው። መድኃኒቱ ከብልቃጥ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው ተመልካች እርሱ ነውና። በነርሶች ትምህርት ቤት «አምስቱ ትክክሎች» ተብለው የሚሰጡት ነጥቦች፣ ማለትም ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድና ትክክለኛው ሰዓት፣ ለዚህ የተቀመጡ ናቸው።

መጠንን በሚመለከት አንድ ስሌት እንመልከት። ጀንታማይሲን የተባለው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ይመጣል። ለአንድ ሕፃን 20 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ ነርሱ 20ን ለ80 አካፍሎ በ2 ያባዛል፤ ውጤቱ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ነጥቧ ብትዘለል 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም 200 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ይህ መድኃኒት ከልክ ሲያልፍ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ይሁን እንጂ 5 ሚሊ ሊትር ለማግኘት ሁለት ብልቃጥ ተኩል መክፈት ያስፈልጋል። ለአንድ ሕፃን ሁለተኛ ብልቃጥ ለመክፈት እጁን የዘረጋ ነርስ ቆም ብሎ ስሌቱን ለባልደረባው ቢያሳይ ስህተቱ እዚያው ይቀራል። ከባድ ጉዳት የሚያደርሱ መድኃኒቶችን ሁለት ሰው ለየብቻው አስልቶ እንዲያስተያይ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎችም ቀላል የሚመስሉ መከላከያዎች አሉ። 1 ሚሊ ግራምን «1.0» ብሎ መጻፍ 10 ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል ይከለከላል። የኢንሱሊን መለኪያ የሆነውን ዩኒት በአንድ የላቲን ፊደል ማሳጠር ዜሮ ስለሚመስል በሙሉ ይጻፋል። ስማቸው ወይም ብልቃጣቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶች በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡም። በፍጥነት በደም ሥር ከገባ ልብን የሚያቆመው ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ከተራ የሕሙማን ክፍል እንዲርቅ ይደረጋል። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ተደግሞ ይነበባል። የተሰጠው መድኃኒት ወዲያውኑ በካርዱ ላይ ይሞላል፤ ያልተጻፈ ነገር በሕግ ፊት እንዳልተደረገ ሊቆጠር ይችላልና። የተሳሳተ ጽሑፍም በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል እንጂ አይፋቅም፤ መፋቅ ቅን ስህተትን ወደ ማታለል ይለውጠዋልና።

መቅጣት ወይስ መማር?

ስህተት ሁሉ ሥርዓቱ የፈጠረው ነው ካልን ግን የግል ኃላፊነት ይጠፋል። በዚህ ረገድ አሜሪካዊው መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ ዴቪድ ማርክስ ያቀረበው አከፋፈል ይጠቅማል። ማርክስ ድርጊቶችን በሦስት ይለያል። የመጀመሪያው ማንም ጥንቁቅ ሰው ሊሠራው የሚችል መዘንጋት ነው፤ እንዲህ ያደረገን ሰው ማጽናናትና አሠራሩን ማረም ይገባል። ሁለተኛው ሥራን ለማቅለል ሲባል ልማድ የሆነ አቋራጭ ነው፤ ሰውየውን መምከር፣ አቋራጩን የፈጠረውንም ምክንያት ማስወገድ ያስፈልጋል። ሦስተኛው አደጋውን እያወቁ በንቀት ማለፍ ነው፤ ቅጣት የሚገባው ይህ ነው።

የናሽቪሉን ጉዳይ በዚህ መነጽር ብናየው ፍርዱ ለምን እንዳከራከረ ይገባናል። ሁለት ፊደል ጽፎ የተሳሳተ መድኃኒት ማውጣት ወደ መጀመሪያው ይቀርባል። መቆጣጠሪያውን ማለፍ በዚያ ሆስፒታል በጊዜው የተለመደ አሠራር ስለነበር ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። የብልቃጡን ስም አለማንበብና በሽተኛዋን ያለ ክትትል መተው ግን ለማንኛውም ነርስ ከመሠረታዊው ግዴታ መጉደል ነው፤ ከሁለተኛው ወይስ ከሦስተኛው ይመደባል የሚለው ነው አከራካሪው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ነርሷ በሙያ ፈቃዷ መጠየቋ ተገቢ ነበር። በወንጀል መከሰሷ ግን ሌላ ዋጋ አስከፍሏል። ሐቁን የተናገረችው ተከሳሽ ስትሆን ሥርዓቱን የዘረጋው ሆስፒታል በወንጀል አልተጠየቀም። ከዚህ የሚማሩት ሌሎች ነርሶች ጥንቃቄን ብቻ ሳይሆን ዝምታንም ሊማሩ ይችላሉ። የኬንታኪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 የጤና ባለሙያዎችን ከከባድ ቸልተኝነትና ሆን ተብሎ ከሚፈጸም ጥፋት በስተቀር ከወንጀል ክስ የሚጠብቅ ሕግ ማውጣቱም ይህን ሥጋት የተረዱ እንዳሉ ያሳያል።

ይህ ጥያቄ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በአንድ የሌሊት ተራ ብዙ በሽተኛ የሚጠብቅ፣ ጓንትና መርፌ የሚያልቅበት፣ በእጅ የተጻፈ የመድኃኒት ትእዛዝ በደብዛዛ ብርሃን የሚያነብ ነርስ የእኛም ነው። አንድ ቀን ሲሳሳት የምንሰጠው ምላሽ ነገ የሚተኛው በሽተኛ ደኅንነት ላይ ይወስናል። ሕጋችን የሰውየውን ልምድና ትምህርት እንዲመዝን ማዘዙ መልካም መሠረት ነው፤ ጤና ተቋማትም ስህተት ያለ ፍርሃት የሚነገርበትን፣ የተነገረውም ለትምህርት የሚውልበትን መዝገብ ሊያዘጋጁ ይገባል። ተጎጂው ቤተሰብም እውነቱን የማወቅ፣ ይቅርታ የመጠየቅና የመካስ መብት አለው፤ ስህተት የሚነገርበት ሥርዓት የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ለእርሱ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። ይህ ምክር ለበሽተኛ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ለካ ለአስታማሚውም ነው። ስህተቱን የሚናገር ነርስ፣ ሲነገረው የሚሰማ አስተዳዳሪና ቅን መዘንጋትን ከንቀት ለይቶ የሚፈርድ ዳኛ ሲገናኙ፣ አንዱ በሽተኛ የሞተበት ምክንያት ሌላውን የሚያድን መድኃኒት ይሆናል።